በእማማ ዘርፌ ጣሪያ ላይ ያለፈው ሽቦ

ልጄ ሙኒር ባለፈው ሳምንት ከውጭ በራችን በላይ እንቁላል የምታክል ካሜራ ሰቀለ። "ሰፈራችን ዓለም ባንክም እንደ ድሮው አይደለም፤ አንቺ ደግሞ ብቻሽን ነው የምትውይው" አለኝ። እኔ ዕቃ ሲገጠም ካየሁ ወንበር ስቤ አጠገቡ መቀመጥ ልማዴ ነው። መብራቱን ከየት እንደምትስብ፣ ዝናብ ቢመታት ምን እንደምትሆን፣ ያየችውን የት እንደምታስቀምጥ አንድ በአንድ ጠየቅሁት። በመጨረሻ "ድምፅም ትሰማለች?" አልኩት። "ኧረ አትሰማም እማዬ፣ ታያለች እንጂ" ብሎ ሳቀ። አሳሳቁ ደስ አላለኝም። የወለድኩት ልጅ ቢሆንም አላመንኩትም።

በማግሥቱ ጎረቤቴ ትዕግሥት መጣች። ትዕግሥት ጸሎተኛ ናት፤ "ጌታ ይባርክሽ" ሳትል ነገር አትጀምርም። እንዲያም ሆኖ በራችን ላይ ቆማ የባሏን ዘመዶች ሳታማ የሄደችበትን ቀን አላስታውስም። ያን ዕለት ግን ቀና ብላ ካሜራዋን አየችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "የባለቤቴ እህት እኮ እንዴት ያለች ደግ ሴት መሰለችሽ!" አለች። ከዚያ ክንዴን ይዛ እስከ ጥዱ ጥግ ወሰደችኝና በሹክሹክታ "ይሄ ነገር ይሰማል እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔም መልሱን "ነገ እነግርሻለሁ" ብዬ አሳደርኩባት። ከገባሁ በኋላ ለረጅም ሰዓት ሳሎን ውስጥ ቁጭ አልኩ። በሕይወቴ ያንን ጥያቄ ስጠየቅ ሁለተኛዬ ነበር።

የመጀመሪያው ኮልፌ ነው፤ ጃንሆይ ከዙፋናቸው ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀራቸው። ያኔ ኮልፌ የከተማ ጫፍ ነበር። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሰው ባሕር ዛፍ፣ የጭቃ ቤትና የሚያዳልጥ ቁልቁለት ነው የሚጠብቀው። ክረምት ሲገባ ጫማችንን በእጃችን ይዘን እስከ ፌርማታው እንወርድና እዚያ እግራችንን ታጥበን እንጫማለን። አባቴ ሸምሱ ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ያልተሸጠለትን ዕቃ ቤት ያመጣዋል፤ እናቴ ታማርራለች፤ እኔ እፈታዋለሁ። ፕሪሙስ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ አንጀቱ የተጎለጎለ ሬዲዮ፣ ምንም አይቀረኝም። "ፒንሳ ይዛ የምትዞር ሴት ማን ያገባታል?" ትላለች እናቴ። "ፒንሳ የጠፋበት" ይላል አባቴ።

ከዕቃዎቹ ሁሉ የምወዳቸው ሁለት የእንጨት ሳጥኖች ነበሩ። የጣሊያን ጦር ጥሏቸው የሄደ የሜዳ ስልኮች ናቸው። ክዳናቸው ሲከፈት የአሮጌ ቆዳና የሻጋታ ሽታ ይወጣል። በጎናቸው ያለችውን እጀታ ሲያዞሯት ደግሞ በሌላው በኩል ያለው ሳጥን ይንጫረራል። የአንደኛው መናገሪያ ጠርዝ ላይ የጥርስ ምልክት ነበረበት። ያ ምልክት ብዙ ቀን አሳስቦኛል። የስልክ መናገሪያ የሚነክስ ምን ዓይነት ሰው ነው? ፈርቶ ነው ወይስ ተናዶ? ከወዲያ በኩልስ ምን ቢሉት ነው? የታሪክ መጽሐፍ ስለ ጄኔራሎቹ ይነግረኛል እንጂ ስለዚያ ሰው ጥርስ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

አንድ ዓመት ግንቦት ላይ አባቴ መኪና ላይ ብረት ሲያስጭን ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ወጌሻ አሸው፣ ሐኪምም አየው፤ ሁለቱም "ተኛ" አሉት። አባቴ ደግሞ ሰው ካላየ፣ ካላወራ፣ ካልተከራከረ የሚታመም ሰው ነው። የልብ ወዳጁ ጋሽ ደምሴ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው። እሳቸውም አስም ስላለባቸው ከድልድዩ ውጭ ያለውን ዳገት አይችሉም። ሰኔ ላይ ጎርፍ የእንጨቱን ድልድይ ጠርጎ ሲወስደው ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ ቀን ተለያዩ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እህል አልቀምስ አለ፤ እናቴ የምትሠራለት የአጃ አጥሚት እንኳ ቆዳ አብጅቶ ይቀመጥ ጀመር።

ይህን ሳይ ነው ሳጥኖቹ ትዝ ያሉኝ። የባትሪ ድንጋይ ገዛሁ፤ ሽቦ እንደሆነ ቤታችን ሞልቷል። አንዱን ሳጥን ከአባቴ ራስጌ፣ ሁለተኛውን ውሃው ጎደል ሲል ተሻግሬ ከጋሽ ደምሴ የስፌት መኪና አጠገብ አስቀመጥኩ። ሽቦው ከባሕር ዛፍ ወደ ባሕር ዛፍ እየተሰቀለ፣ በእማማ ዘርፌ ጣሪያ ላይ አልፎ ወንዙን ተሻገረ። እማማ ዘርፌ ቆሎ እየቸረቸሩ የሚኖሩ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። ፈቃድ ስጠይቃቸው "ቤቴን አያቃጥልብኝ እንጂ ይለፍ" አሉ። እንዲህ ያለው ስልክ አንድ ሽቦ ይበቃዋል፤ የመልሱን መንገድ መሬት ራሷ ትሠራለታለች። ለዚህም በሁለቱም ግቢ አንዳንድ ብረት መሬት ውስጥ ቀበርኩ። ብረቱ ዙሪያው ርጥብ ካልሆነ ድምፁ ስለሚደክም እናቴ ጧት ጧት ጨው ያለበት ውሃ እንድታፈስበት አደረግሁ። ይኸው ውሃ በኋላ ጣጣ አምጥቶብናል።

የመጀመሪያው ጧት አይረሳኝም። ጋሽ ደምሴ ሽቦው ብቻውን የሚችል ስላልመሰላቸው በሙሉ ጉልበታቸው ይጮኹ ነበር፤ ያለ ስልክም ይሰማሉ። "አንተ ሸምሱ! ሞተሃል ወይስ አለህ?" አሉ። አባቴ "አንተን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ!" ብሎ ሳቀ። ያን ዕለት አጥሚቱን ጨርሶ ጠጣ፤ የተጠበሰ በቆሎም አምጡልኝ አለ። ከዚያ በኋላ ጧት ጧት እየተደዋወሉ ስለ ጨርቅ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጉልበታቸው ሲጨቃጨቁ መስማት የቤታችን ደስታ ሆነ።

ጠያቂም ከወደቀበት ቀን ጀምሮ አይቋረጥም ነበር። የእድሩ ሰው፣ የምናለሽ ተራ ሰው፣ የመስጊድ ሰው፣ ሁሉም ብርቱካን በወረቀት ጠቅልሎ ይመጣል። ሐምሌ ሲጋመስ ግን መንገዳችን ላይ አንድ ነገር ተለወጠ። ሰዎች እያወሩ ይመጡና ከሽቦው ሥር ሲደርሱ ዝም ይላሉ። አንዳንዱ ዝም ማለትም አልበቃውም። አንድ ቀን የማውቀው ባለ ሱቅ ሽቦውን ቀና ብሎ አይቶ፣ ብቻውን ቆሞ፣ "ጃንሆይን ሺህ ዓመት ያንግሥልን!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ግራ ቀኝ ተመልክቶ መንገዱን ቀጠለ። እኔ አጥር ሥር ነበርኩና ያበደ መሰለኝ።

ቀስ በቀስ ጠያቂው ቀረ። የብርቱካኑ ሰፌድ ባዶውን ተቀመጠ። አባቴ የሰው ኮቴ በሰማ ቁጥር ትራሱን ያስተካክላል፤ ኮቴው አልፎ ሲሄድ "ዝናብ ነው የያዛቸው" ይላል። ፀሐይ በወጣበት ቀንም "ዝናብ ነው" ይላል። ይህን ስሰማ የማለቅስበት ቦታ አጣ ነበር።

ወሬውን እናቴ ከቦኖ ውሃ ይዛ መጣች። ወረፋ ስትይዝ ሴቶቹ ጨዋታቸውን አቋርጠው እንስራቸውን ማየት ጀመሩ። በመጨረሻ አንዷ አዝና ነገረቻት፦ ሸምሱ ጆሮ ጠቢ ሆኗል፤ ሽቦው በወንዙ በኩል ዞሮ ቤተ መንግሥት ይገባል፤ ከሥሩ የተባለውን ሁሉ አንድ ሹም ቁጭ ብሎ ይሰማል። ጧት ጧት ብረቱ ላይ የሚፈሰውን ውሃ ደግሞ ግማሹ ድግምት ነው አለ፤ ግማሹ ሽቦው እንዳይጠማው ነው አለ። ያኔ ጆሮ ጠቢ መባል ቀላል ነገር አልነበረም። በአንዲት ቃል ሰው ከሥራው ሲባረርና ታስሮ ደብዛው ሲጠፋ የታየበት ጊዜ ነው።

እኔ በተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ነኝ፤ ያን ሰሞን ግን ባሰብኝ። ወሬውን ማን ፈጠረው? መጀመሪያ የእድሩን ዳኛ ሐጂ ከድርን ጠረጠርኩ። ከአባቴ ጋር በአንድ የብረት ምጣድ ተጣልተው ነበርና። ከዚያ ጭቃ ሹሙን አቶ በላቸውን ጠረጠርኩ። የሰፈራችን መሬት የአንድ ትልቅ ባለ ርስት ነው፤ ባለ ርስቱን ያየ የለም፤ ግብር የሚሰበስቡት፣ ቦታ የሚሰጡት፣ የሚነሱትም አቶ በላቸው ናቸው። በመጨረሻ ጋሽ ደምሴን ሳይቀር ጠረጠርኩ። የሽቦው ሌላ ጫፍ ያለው እሳቸው ዘንድ ነው። እሳቸው ሌላ ሽቦ ቀጥለውበት ቢሆንስ?

በዚህ መሃል አንዲት ሴት ብቻ አልፈራችም። እማማ ዘርፌ ሽቦው ይሰማል መባሉን እንደ ሰሙ ነጠላቸውን አጣፍተው ከሥሩ ቆሙ። "ጃንሆይ! አቤት! በአምላክዎ ይስሙኝ! እኔ ዘርፌ ነኝ፣ የቆሎዋ። ባሌ ጣሊያንን ሲወጋ የቆሰለ ነው። መስቀል ካለፈ በኋላ ቤቴን ሊያፈርሱት ነው፤ ቦታዬ ለቪላ ተፈልጓል አሉ። ይፍረዱኝ!" እያሉ ጧት ጧት ጮኹ። አንዳንድ ጊዜ እንዳይረሱባቸው ብለው ማታውን ይደግሙታል። ሽቦው ከጋሽ ደምሴ ቤት አያልፍም ብዬ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቴም አፌ ተያያዘብኝ። እንዲያ ያለ ተስፋ ሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም ነበር።

ነሐሴ ውስጥ እድሩ ላከብን። ሽቦው ካልተነሳ ሸምሱ ከእድር ይሰረዛል፤ እሑድ ሽቦውን የዘረጋችው ልጅ ቀርባ ታስረዳ። ከእድር መሰረዝ ምን እንደሆነ ላላወቀ፦ ብትሞት ጡሩንባ አይነፋልህም፣ ድንኳን አይተከልልህም፣ ቆሞ የሚያለቅስልህ የለም። የአልጋ ቁራኛ ለሆነ ሰው ይህ ፍርድ ነው። ፒንሳዬን አነሳሁ። አባቴ ግን ከአልጋው ላይ "አይቆረጥም" አለ። "ለምን?" "አይቆረጥም አልኩ።" ተቆጥቶኝ ስለማያውቅ ክው አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ለአንድ አፍታ የገዛ አባቴንም ጠረጠርኩት።

ቅዳሜ ጧት አባቴ እንቅልፍ ወስዶት ሳለ ሽቦውን ልቆርጠው ወሰንኩ። ጋሽ ደምሴ ሲጠብቁ እንዳይውሉ ብዬ ግን አስቀድሜ እጀታውን አዞርኩና በዝግታ ነገርኳቸው። ወዲያ በኩል የደረታቸው ሲር ሲር ይሰማኛል።

"ሰሚራ፣ ፒንሳውን አስቀምጪ" አሉ። "ወሬውን የፈጠረው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"ማን ነው ጋሼ?"

"አባትሽ ነዋ።"

ነገሩን አጫወቱኝ። አንድ ቀን እኔ ትምህርት ቤት፣ እናቴ ገበያ ሳለን አቶ በላቸው ብርቱካን ይዘው አባቴን ሊጠይቁ ይመጣሉ። ጨዋታ ጨዋታን ሲያነሳ መስቀል እንዳለፈ የዘርፌን ጎጆ በዶማ እንደሚያስነሱ እየሳቁ ይናገራሉ። አባቴ ቢለምናቸው አልሰሙትም። በዚሁ መሃል ስልኩ ይጮሃል።

"እኔ ደውዬ 'አንተ ሰነፍ፣ ነቃህ?' አልኩት" አሉ ጋሽ ደምሴ። "እሱ ምን ይለኛል? 'አቤት ክቡርነትዎ! አዎ ክቡርነትዎ! የወይዘሮ ዘርፌ ጉዳይ ነው፤ ሊያስነሷት ያሰቡት ሰው እዚሁ አጠገቤ ናቸው፤ ስማቸውን ልንገርዎ?' ሲወድቅ ራሱንም የመታው መስሎኝ እኔ ጸሎት ጀመርኩ። በላቸው ለካ አልጋው ሥር ተንበርክኮ 'አትንገር፣ አትንገር' እያለ በእጁ ይለምነዋል! ሲወጣ አባትሽ 'አደራ፣ ለማንም እንዳትተነፍስ' አለው። በላቸው ደግሞ የሰማውን አፉ ውስጥ የሚያሳድር ሰው አይደለም።"

"ለምን አልነገረኝም?"

"ያንቺ ፊት የሆድሽን ሁሉ ያወጣዋ። እውነቱ ከታወቀ በላቸው በዚያው ቀን ዶማ ይዞ ይመጣል። አሁን ምርጫው ያንቺ ነው፤ አባትሽ ግን ጠያቂ የቀረበትን ምክንያት እያወቀ ነው የተኛው።"

መናገሪያውን መልሼ ሳስቀምጥ አባቴ ዓይኑን ገልጦ ያየኝ ነበር። ፒንሳውን ወስጄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

እሑድ የእድሩ ሰዎች በሐጂ ከድር ግቢ፣ በረጃጅሙ አግዳሚ ላይ ተሰብስበዋል። አቶ በላቸው ከፊት ናቸው። ከልጃገረድ ጋር መነጋገር ያልለመዱ ወንዶች መሃል ቆምኩ።

"ልጄ" አሉ ሐጂ ከድር፣ "እውነቱን ንገሪን። ይሄ ሽቦ ይሰማል እንዴ?"

"በሳጥኑ የተነገረውን ይሰማል ሐጂ።"

"የትስ ይደርሳል?"

አቶ በላቸውን አየኋቸው። ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ እያሹ ነው። አንድ ቃል ብናገር አባቴ ከነብርቱካኑ፣ ከነጠያቂው ይመለስልኛል። ጧት በሽቦው ሥር የሰማሁት የእማማ ዘርፌ ድምፅ ደግሞ ጆሮዬ ውስጥ ነው።

"እኔ የማውቀው እስከ ጋሽ ደምሴ ቤት ድረስ ነው" አልኩ። "ከዚያ ወዲያ አላውቅም።"

ዋሽቼ አይደለም፤ ግን ከዚያ የከፋ መልስ መስጠት የሚቻል አይመስለኝም። አንዱ "ይሰረዙ!" ሲል የሚገርመው አቶ በላቸው ብድግ ብለው "ኧረ ተዉ! የታመመ ሰው ነው፣ ወንድማችን ነው፣ እግዜር አይወደውም!" እያሉ ተከራከሩልን። ጭቃ ሹሙ ከፈሩማ ነገሩ እውነት ነው ብሎ ሕዝቡ ይብሱን ተሸበረ። ሽቦው እስኪነሳ ድረስ ከእድር ታገድን።

መስቀል መጣ፣ ደመራው ነደደ፣ መስቀልም አለፈ። የእማማ ዘርፌን ቤት የነካ የለም። እኛን የሚጠይቅም የለም። ከወንዙ ማዶ ጧት ጧት ከሚደውለው ድምፅ በቀር የአባቴን ደጅ የረገጠ ሰው አልነበረም። አባቴ ኮቴ ሲሰማ ትራሱን ማስተካከል አልተወም።

ጥቅምት ላይ፣ ውርጩ ሣሩን ባነጣበት ጧት፣ አረፈ። እናቴ ጮኸች፤ ጩኸቷን ተከትሎ ግን ጡሩንባ አልተነፋም። እጀታውን አዞርኩ። "ጋሽ ደምሴ፣ አባባ..." ከማለት ሌላ አልቻልኩም። ጋሽ ደምሴ በዚያ ደረታቸው ወንዙን እንዴት እንደተሻገሩ እስከ ዛሬ አይገባኝም። መጀመሪያ የደረሱት እማማ ዘርፌ ጋ ነው፤ እማማ ዘርፌ ደግሞ በየበሩ እየዞሩ አረዱ።

ረፋድ ላይ መንገዱ በሰው ሞላ። ሐጂ ከድር ድንኳኑን ራሳቸው አስጭነው መጡ። ያ ባለ ሱቅ መጣ፤ የቦኖው ሴቶች መጡ። ቃሬዛውን በፊት በኩል ከተሸከሙት አንዱ አቶ በላቸው ነበሩ፤ እንባቸው ይወርድ ነበር። በሃይማኖታችን ሴት መቃብር ድረስ ስለማትሸኝ በራችን ላይ ቆሜ በዓይኔ ሸኘሁት። ቃሬዛው ከሽቦው ሥር ሲያልፍ አየሁ፤ ብዙዎቹ ቀና ብለው ሽቦውን አዩት።

እነሆ ያቺ ቀና ማለት ዕድሜዬን ሙሉ እንደ እሾህ ተሰክታ ኖራለች። ወደው ነው የመጡት ወይስ የቀረው ሰው ስም በሽቦው እንዳይተላለፍ ፈርተው? ከሠልስቱ በኋላ ጋሽ ደምሴን ጠየቅኋቸው። "ለቀብር የመጣ ሰው ለምን መጣህ አይባልም" አሉኝና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። የእኔ ልብ ግን አላረፈም።

ጥቂት ቆይቶ ጃንሆይ ወረዱ፣ መሬትም የመንግሥት ሆነ፣ ጭቃ ሹምነትም ቀረ። እማማ ዘርፌ "አቤቱታዬን የሰማው ይኸው ሽቦ ነው" እንዳሉ በዚያችው ጎጆ ኖረው ሞቱ። ሳጥኖቹ አሁንም ሳሎኔ ውስጥ አሉ። ሙኒር አንድ ጊዜ ሊሸጣቸው ሲያግባባኝ ተቆጥቼዋለሁ።

ትናንት ትዕግሥት ለመልሱ መጣች። በመስኮት አየኋት፤ ካሜራዋ ሥር ቆማ ፈገግ ብላለች፤ በእጇ ሾርባ በፔርሙስ ይዛለች። ጉንፋን እንደያዘኝ ሰምታ ነው። የቆየው እሾህ ወጋኝና "ለእኔ ነው ወይስ ለካሜራዋ?" አልኩ። ከዚያ ግን ማስታወስ ጀመርኩ። አምና ጉልበቴን ታምሜ የተኛሁ ጊዜ ይኸንኑ ፔርሙስ ይዛ በዝናብ የመጣችው እሷው ናት። ያኔ በሩ ላይ አንዲት ሚስማር እንኳ አልነበረም።

እጄ መቀርቀሪያው ላይ እንዳለ ቆምኩ። ያ የብርቱካን ሰፌድ ፊቴ መጣ። አባባ ዳሌው የተሰበረ ሰሞን ሰፌዱ ሞልቶ ብርቱካኑ መሬት ላይ ይንከባለል ነበር፤ ከእግር በታች እየገባ እናቴን ያስቸግራት ነበር። ሽቦው ያኔ ገና ጓዳችን ውስጥ ጥቅልል ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ቀና ያሉትን ዓይኖች ስቆጥር ብርቱካኖቹን ረስቻቸው ኖሯል።

በሩን ከፈትኩላት። "ጌታ ይባርክሽ! እንዴት አደርሽ?" አለች ጮክ ብላ፤ ቀጥላም በዓይኗ ወደ ላይ እያመለከተች በሹክሹክታ "ይሰማል?" አለች።

"አይሰማም እህቴ" አልኳት። "ግቢና የባልሽን እህት እናንሳት።"